አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ስኩተር ጎማ ቫልቭ የቀረበ ሙግት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን ካስነሳ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ዕቃ የሚያደርስ አንድ ወጣት፣ ከኋላው ሣጥን የታሰረበት የኤሌክትሪክ ስኩተሩን እየገፋ መጣና «ወንድሜ፣ የኋላውን ነፋስ ጨምርልኝ» አለ። ጎሚስታው ቱቦውን ይዞ ተንበረከከ። ጎማው 10 ኢንች ነው። ሞተሩ የተሠራው እዚያው ጎማው መሀል ነው፤ ቸርኬው ከሞተሩ ሽፋን ጋር አንድ አካል ሆኗል። ቫልቩ ከቸርኬው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያመለክታል። በቫልቩ ጫፍና በሞተሩ ሽፋን መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት በግድ ያስገባል፤ የቱቦው ራስ ብቻውን ግን ከዚያ ይረዝማል።

ጎሚስታው ቫልቩን በአውራ ጣቱ ወደ ጎን አጣመመና የቱቦውን ራስ አግድም ገፋው። ፍስስ አለ። ደገመው፤ አሁንም ፍስስ። በሦስተኛው ትንሽ የገባ መሰለ። ጎማውን በቡጢ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «በቃህ፣ ሂድ» አለው። እኔ አንገቷ የታጠፈ የግፊት መለኪያ ከኪሴ አላጣም። ወጣቱን ለአፍታ አስቁሜ ለካሁለት። 32 ፒኤስአይ መያዝ የሚገባው ጎማ 17 አሳየ። ጎሚስታው ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ፤ ቆይቶ ግን «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? እጄን አያስገባኝም» አለኝ።

ይህን ለማንም ባወራ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ስኩተር የሚሸጠው ሰው «ቫልቭ ምን አላት፣ ትንሽ ብልሃት ነው የምትፈልገው» ይላል። መኪና የሚነዳው «እነዚህ ሞተረኞች ድሮም ጎማቸውን አያዩም» ይላል። የቆየው ሞተረኛ ደግሞ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የፈለገ ሰው ይሞላዋል» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። የሦስቱም አባባል ሲጨመቅ ቫልቩ ጥቃቅን ነገር ነው፣ ጎማው ነፋስ ካነሰው ጥፋቱ የነጂው ነው የሚል ነው። እኔ የምሞግተው ይህንኑ ነው። ያ ወጣት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጎሚስታ ዘንድ መጥቷል። ጎሚስታውም ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ሞክሯል። ሁለቱም የድርሻቸውን አድርገው ጎማው ግን ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ጥፋቱ ያለው ለዚያ ጠባብ ቸርኬ ያንን ቀጥ ያለ ቫልቭ በመረጠው፣ ሳይለውጥ ባስገባውና ሳያስጠነቅቅ በሸጠው ዘንድ ነው። ነጂው ላይ መጮህ ቀላል ነው፤ መልስ የሚሰጥበት መድረክ የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ «ጥቃቅን ነገር» የሚለውን እንይ። 90 በ90 በ10 የሚባለው የስኩተር ጎማ ከዳር እስከ ዳር 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 760 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ የቤት መኪና ጎማ ለዚያው መንገድ የሚዞረው 500 ጊዜ ገደማ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ይዘረጋል። ይህ መታጠፍና መዘርጋት ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። ትንሹ ጎማ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ብዙ ጊዜ ይታጠፋል። የያዘው ነፋስ ደግሞ ጥቂት ሊትር ብቻ ስለሆነ ከመኪና ጎማ ላይ ወጥቶ የማይታወቅ ነፋስ እዚህ ሲወጣ ግፊቱን በግልጽ ያወርደዋል። የኋላው ጎማ ነጂውን፣ ሣጥኑን፣ የሣጥኑን ዕቃ፣ አንዳንዴም ሞተሩን ራሱን ይሸከማል። እንዲህ ያለው ጎማ በ17 ሲሄድ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል፤ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው አስፋልቱን ያገኘዋል፤ ቱብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ከሆነም ከቸርኬው ከንፈር ሊላቀቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውም ከተለመደው ኪሎ ሜትር ቀድሞ ያልቃል። መኪና አንድ ጎማ ቢከዳው ሦስት ይቀሩታል። ስኩተር የሚቀረው አንድ ነው።

«እንግዲያው በየሳምንቱ ይየው» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ይየው። ጎማ መለካት ያለበት ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ግፊቱ በ1.5 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ የአዲስ አበባ ንጋትና ቀትር ደግሞ ከዚያ በላይ ይራራቃሉ። ነገር ግን ቁጥሩን እናስላው። በሳምንት አንድ ጊዜ ማለት በዓመት 52 ጊዜ ነው፤ ለሁለት ጎማ 104 ጊዜ። በዓመት 104 ጊዜ የሚሠራ ሥራ ቀላል መሆን አለበት። እንጀራውን በሰዓት የሚያገኝ ሰው በየሳምንቱ ስኩተሩን በጎኑ አስተኝቶ፣ እጁ በሞተሩ ሽፋን እየተጋጠ፣ ካስገባው ነፋስ ይልቅ ያስወጣው እየበዛ 104 ጊዜ ይታገል ማለት ምክር አይባልም። የሚሰለች ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይሰለችም። ለካሁ ብሎ የባሰ ካጎደለው ሁለተኛ አይለካም፤ ይህም ከሰው ልጅ የሚጠበቅ ነው።

ወደ ቫልቩ ልምጣ። ዛሬ በመኪናውም፣ በሞተሩም፣ በስኩተሩም ላይ ያለው ቫልቭ ሽሬደር ይባላል። በጀርመናዊው ስደተኛ በኦገስት ሽሬደር ስም የሚጠራው የኒውዮርክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። አሠራሩ ድንቅ ነው። በቫልቩ ውስጥ በትንሽ ሞላ የተወጠረች መርፌ አለች፤ ስትጫናት ትከፍታለች፣ ስትለቃት ትዘጋለች። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም መሠረቱ አልተለወጠም፤ የአሜሪካው ክዳን በአዲስ አበባው ጎማ ላይ ይገጥማል። እኔ ከዚህ ፈጠራ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ ከአቀማመጡ ጋር ነው። ቫልቩ ቀጥ ብሎ የተወለደው መንኮራኩር ሰፊና ባለ ሽቦ፣ መሀሉም ቀጭን በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ ማንኛውም የቱቦ ራስ ይገባል።

የስኩተር ጎማ ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን ሲነድፍ 8 ኢንች ጎማ መረጠ። ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ታስሮ፣ ነጂው ራሱ ፈትቶ እንዲቀይረው አደረገ። ያ ትንሽ ቸርኬ መሀሉ በፍሬን ከበሮ የተሞላ ነበር። ታዲያ ለእነዚህ 8 እና 10 ኢንች ጎማዎች የሚሠራው የውስጥ ጎማ ቫልቩ የታጠፈ ነው፤ ከቸርኬው ሲወጣ ወደ ጎን ዞሮ ሰው ወደሚቆምበት ይመለከታል። ዛሬም የቬስፓ የውስጥ ጎማ የሚገዛ ሰው ቫልቩን ታጥፎ ያገኘዋል። በከተሞቻችን የሚርመሰመሰው ባጃጅም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የህንዱ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቬስፓን በፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ ያደገ ነው፣ ባለ ሦስት እግሩም በዚያው በ8 ኢንች ጎማ ይሄዳል።

ይህ ታሪክ ለሙግቴ ትልቁ ምስክር ነው። ትንሽ ቸርኬ የታጠፈ ቫልቭ እንደሚፈልግ ዕውቀቱ ነበረ፤ በብረት ተሠርቶ ይሸጥ ነበር፤ አሁንም ይሸጣል። የጠፋው ጎማው ቱብለስ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ከመኪናው ዓለም አንድ ርካሽ የላስቲክ ቫልቭ መጣ። ከውስጥ ወደ ውጭ ተስቦ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ዳዶ የለው፣ ቁልፍ አይፈልግ፣ በሰከንድ ይገጠማል። ቲአር 412 የሚባለው አጭሩ 22 ሚሊ ሜትር፣ ቲአር 413 የሚባለው ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ከቸርኬው ይወጣል። ለመኪና የሚበቃ፣ የሚመችም ነው። ለስኩተር ግን አጭሩ ሲገባ ጣት አይደርስበትም፣ ረጅሙ ሲገባ የሞተሩን ሽፋን ወይም የፍሬኑን ዲስክ ሊነካ ይደርሳል። «ፋብሪካው ያውቃል» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ፋብሪካው ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ርካሹን መረጠ።

አሁን «ትንሽ ብልሃት» ወደሚባሉት ልግባ፤ እያንዳንዱ መመርመር አለበት።

የመጀመሪያው ብልሃት በእግር መርገጥና በቡጢ መምታት ነው። ለአሮጌ የብስክሌት ጎማ ያገለግል ይሆናል። የስኩተር ጎማ፣ በተለይ ለጭነት የሚሠራው፣ ጎኑ ደንዳና ነው፤ ግማሽ ነፋሱ ቢወጣም ቆሞ ይታያል፣ ሲመቱትም ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የዚያ ወጣት ጎማ በ17 ላይ ሆኖ የጎሚስታውን ቡጢ አሳምኗል። ብዙ ስኩተሮች ላይ የሚጻፈው መጠን ከ25 እስከ 36 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ነው። በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት የሰው እጅ አይለይም። መለኪያ ይለያል፤ መለኪያ ደግሞ ቫልቩ ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ ተመልሰን እዚያው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነን።

ሁለተኛው ብልሃት «ጎሚስታ ያውቅበታል» የሚለው ነው። ጎሚስታዎቻችን እጃቸው የተባረከ ነው፤ ሌላ አገር የሚጣል ጎማ ያድናሉ። የቱቦአቸው ራስ ግን ለአይሱዙና ለኮሮላ የተሠራ ረጅም ብረት ነው። ለዚያ ተሠርቶ ለዚህ አልገባም ቢል ጥፋቱ ከጎሚስታው እጅ አይደለም። አንገቱ የታጠፈ ወይም በቫልቩ ላይ በጥርስ የሚታሰር ጫፍ ያለው አጭር ቱቦ ቢኖረው ግማሹ ችግር በዚያው ይቀልለታል። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ብልሃት ቫልቩን ማጣመም ነው፤ በዚህ የምናገረው ከራሴ ቁስል ነው። ባለፈው ክረምት የስኩተሬን የኋላ ጎማ ለማስሞላት አንድ ቦታ ቆምኩ። ሰውዬው ቫልቩን በፒንሳ ይዞ ወደ ጎን ሳበው፣ ሞላልኝ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ቁልቁለት ላይ ዝናብ እየጣለ ሳለ ኋላዬ እንደ ዓሣ ጅራት መወዛወዝ ጀመረ። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ በጎኔ ወደቅሁ። ከኋላዬ መኪና ባለመኖሩ ዛሬ ይህን እጽፋለሁ። ጎማው ሲፈታ ምስማር አልተገኘበትም። ቫልቩ ከሥሩ፣ ከቸርኬው በሚወጣባት መስመር ላይ፣ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ተሰንጥቆ ነበር። ሰውዬው ክፉ አላሰበም፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ላስቲክ ግን ሲያረጅ መታጠፍ አይወድም። ፀሐይና ኦዞን ያደርቁታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ትበረታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የዚህ ዓይነት የላስቲክ ቫልቮች ውህዳቸው ኦዞንን ባለመቻሉ ግርጌያቸው ላይ ስለሚሰነጠቁ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። እነዚያ ማንም ሳያጣምማቸው የተሰነጠቁ ነበሩ። በየሳምንቱ በአውራ ጣትና በፒንሳ የሚጠማዘዘውን የእኛን አስቡት።

አራተኛው ብልሃት ማራዘሚያ ነው። ገበያ ላይ ቀጥ ያለም የታጠፈም የብረት ማራዘሚያ አለ፤ በቫልቩ ጥርስ ላይ ይታሰርና ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ለመሙያ ብቻ አስሮ ወዲያው መፍታት ከሆነ እኔም እደግፈዋለሁ፤ አደጋው እዚያው ትቶ መንዳት ላይ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ ያ 42 ሴንቲ ሜትር ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ከመሀሉ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ነገር ከክብደቱ 50 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይወረወራል። 20 ግራም የሚመዝን ማራዘሚያ በዚያ ፍጥነት የ1 ኪሎ ያህል ጫና ይፈጥራል። ይህን ጫና የሚሸከመው ከሥሩ ለስላሳ የሆነ ላስቲክ ነው። ማራዘሚያው ጎንበስ ብሎ የታሰረ ከሆነ ላስቲኩን እንደ ፋስ እጀታ ይገነድሰዋል፤ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ያወዛውዘዋል። በተጨማሪ ማራዘሚያው የቫልቩን መርፌ ሁልጊዜ ተጭኖ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ነፋሱን የሚጠብቀው የማራዘሚያው ጫፍ ብቻ ነው። ነፋስ ለማስገባት ሲባል ነፋስ የሚወጣበት ሁለተኛ በር ተከፈተ ማለት ነው።

ስለ በር ካነሳሁ ስለ ቫልቩ ክዳንም ልናገር፤ እሷንም ንቀናታል። ከአሥር ስኩተር ስንቱ ክዳን እንዳለው ጎሚስታ ቤት ቁሙና ቁጠሩ። ቀጥ ያለ ቫልቭ ወደ መሀል ሲያመለክት፣ ጎማው ሲዞር መርፌዋን የሚገፋት ኃይል ወደ መክፈቻዋ አቅጣጫ ነው። ሞላዋ ትቋቋመዋለች፤ ነገር ግን አቧራና ጭቃ ገብቶባት የዛገች ሞላ ስንፍና ይገባታል። ከውስጧ ጎሚኒ ያላት ክዳን ጭቃውን ትከለክላለች፣ ሁለተኛ መዝጊያም ትሆናለች። ብዙ ሰው ክዳኗን የሚጥላት በግድየለሽነት ብቻ አይደለም። ጣት በማይገባበት ቦታ ክዳን አውጥቶ ማሰር ራሱ መከራ ስለሆነ አንዴ ከወደቀች ተመልሳ አትታሰርም። ይህም ጥፋት ተመዝኖ ሲታይ ከዚያው ከአቀማመጡ የመጣ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ወደ ጎን በ90 ዲግሪ የታጠፈ፣ በዳዶ የሚታሰር የብረት ቫልቭ ነው። አዲስ ግኝት አይደለም፤ የቬስፓ የውስጥ ጎማ ያስተማረውን ወደ ቱብለስ መመለስ ነው። ቫልቩ ወደ ጎን ስለሚያይ ማንኛውም የቱቦ ራስ፣ ማንኛውም መለኪያ ቀጥ ብሎ ይቀመጥበታል። መርፌዋም ወደ ጎን ስለተኛች የጎማው መዞር አይከፍታትም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይመጣል፤ ከልምድ የሚናገሩ ሰዎች የሚያነሱት ስለሆነ ልሸሸው አልፈልግም። «የብረቱ ቫልቭ ይላላል፣ በድንጋይ ተመትቶ ይሰበራል፣ የፍሬኑን ብረት ይመታል፤ ላስቲኩ ቢያንስ ይተጣጠፋል» ይላሉ። እውነት አላቸው። በግዴለሽነት የተገጠመ የብረት ቫልቭ ከላስቲኩ የባሰ ነው። እኔም ሲላላ አይቻለሁ። ግን ምክንያቶቹ ሁሉ የታወቁ፣ በአንድ ቀን ሥራ የሚታረሙ ናቸው። የስኩተር ቸርኬ ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከ8 ሚሊ ሜትር በጥቂት ይበልጣል፣ ሌላው ከ11 ሚሊ ሜትር በጥቂት ይበልጣል። የሚላላው ብዙ ጊዜ ለሰፊው ቀዳዳ የጠባቡ ሲገጠም ነው። ጎሚኒው የሚቀመጥበት የቸርኬ ከንፈር ከዝገትና ከአሮጌ ላስቲክ ካልጸዳም ይተነፍሳል። ዳዶው በጉልበት ሲጠበቅ ጎሚኒው ይቀደዳል፤ ሲላላ ይዞራል። የፍሬኑን ብረት የሚመታው አቅጣጫው ሳይታሰብ ስለታሰረ ነው፤ ፍሬኑ ከሌለበት ጎን አዙሮ፣ ጎማውን ከመጫን በፊት ቸርኬውን በእጅ ሙሉ ዙር ማሽከርከር ይበቃል። ነፋስ ሲሞላም ቫልቩን በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው መግፋት ልማድ ይሁን። በመጨረሻ የሳሙና አረፋ ሥሩ ላይ መቀባት፤ አረፋው ካልተነፋ ሥራው አልቋል። የላስቲኩ ጉድለት ግን በጥንቃቄ አይታረምም። በየሳምንቱ እንዲጣመም የሚያስገድደው ቦታው ነው።

ክፍተቱ የታጠፈውን ቫልቭ እንኳ የማያስገባ ስኩተርም ይኖራል። ያን ጊዜ የላስቲኩን አጭሩን ይዞ፣ አንገቱ በታጠፈ ጫፍ መሙላትና ቫልቩን ጎማ በተቀየረ ቁጥር መቀየር ቀጣዩ አማራጭ ነው። የውስጥ ጎማ የሚጠቀም ደግሞ ሲገዛ ቫልቩ የታጠፈውን ይጠይቅ።

ዋጋውን የሚያነሱም አሉ። የታጠፈው የብረት ቫልቭ ከላስቲኩ ይወደዳል፤ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነው። ውድ የሆነው ሥራው ነው፣ ምክንያቱም ቫልቭ ለመቀየር ጎማው ከቸርኬው መውጣት አለበት። ለዚህም ነው ትክክለኛው ጊዜ ጎማ የሚቀየርበት ቀን የሆነው። ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቀዳዳው ባዶ ነው፤ ተጨማሪው ሥራ የአምስት ደቂቃ ነው። ያቺን አምስት ደቂቃ አሳልፎ አሮጌውን ላስቲክ መልሶ አዲስ ጎማ መጫን፣ አዲስ ቤት ሠርቶ የበሰበሰ በር መግጠም ነው።

ስለዚህ የምናገረው ለሦስት ወገን ነው። ስኩተር ለምታስመጡና ለምትገጣጥሙ፦ ከፋብሪካ ስታዙ ቫልቩ ወደ ጎን የታጠፈ እንዲሆን ጠይቁ። ቀለሙን ትመርጣላችሁ፣ የባትሪውን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ የመብራቱን ቅርጽ ትመርጣላችሁ፤ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለባትንም መስመር ጨምሩበት። ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰፈራችሁ ያለ ጎሚስታ ወስዳችሁ ነፋስ አስሞሉት። ካልገባለት ለገዢው አትስጡት።

ለጎሚስታዎች፦ እናንተን የሚወቅስ ሰው ሥራችሁን አያውቅም። ነገር ግን ከተማው ተለውጧል፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ትንሽ ጎማ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው። አንገቱ የታጠፈ የቱቦ ራስና ጥቂት የታጠፉ ቫልቮች፣ ከሁለቱም የቀዳዳ መጠን፣ መደርደሪያችሁ ላይ ይኑሩ። ቡጢውን ተዉትና መለኪያ ያዙ። ቫልቭ በፒንሳ የሚያጣምም እጅ ይቁም።

ለነጂዎች፦ ስንፍና ነው ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ፤ ግን ደግሞ ያለ ነፋስ አትሂዱ። የሚቀጥለው ጎማችሁ ሲቀየር ከጎሚስታው አጠገብ ቁሙ። አሮጌው ጎማ ከቸርኬው እንደወጣ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ «ቆይ ወንድሜ፣ ቫልቩንም ወደ ጎን በታጠፈ ቀይርልኝ» በሉት። ያ ወጣት ይህን ብሎ አስቀይሯል። ባለፈው ሳምንት ጎሚስታው ቤት አገኘሁት፤ ቱቦው አንዴ ገባለት፣ ፍስስ ሳይል። ለካሁለት፤ 32 አሳየ።